ድሮን ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን ተጠያቂው መሣሪያው ወይስ አብራሪው?

አነስተኛ ሰው አልባ በራሪ መሣሪያዎች /ድሮኖች/ ከወታደራዊ አገልግሎት አልፈው በግለሰቦችና በሲቪል ተቋማት እጅ ከገቡ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለፊልምና ለፎቶግራፍ ቀረጻ፣ ለመሬት ልኬት፣ ለግንባታ ክትትልና ለግብርና ሥራ በስፋት እየዋሉ ይገኛሉ። አገልግሎታቸው በሰፋ መጠን ግን አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ መነሳቱ አልቀረም። ድሮኑ የአብራሪውን ትዕዛዝ መቀበል አቁሞ በራሱ አቅጣጫ በርሮ ሲጠፋ ወይም ሲከሰከስ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነው።

ባለንብረቱ አብዛኛውን ጊዜ "መሣሪያው ተበላሽቶ ነው" ይላል። አምራቹ በበኩሉ "አብራሪው መመሪያውን አልተከተለም" የሚል መልስ ይሰጣል። የክርክሩ ውጤት የጠፋውን ድሮን ዋጋ ማን ይሸፍናል ከሚለው ያለፈ ትርጉም አለው። ድሮኑ በሰው ላይ፣ በቤት ላይ ወይም በአውሮፕላን ላይ ጉዳት ቢያደርስ የካሣና የወንጀል ተጠያቂነቱ የሚወሰነው፣ የመንግሥት የቁጥጥር ሕግም ትኩረቱን በምርቱ ጥራት ላይ ወይም በአብራሪው ብቃት ላይ የሚያደርገው በዚሁ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ መነጋገሪያነት ካመጡት ክስተቶች አንዱ እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2015 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ በአሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ የደረሰው ነው። በዕለቱ አንድ አነስተኛ ድሮን በዋይት ሐውስ ቅጥር ግቢ ውስጥ ተከስክሶ ተገኝቷል። ድሮኑን ያበር የነበረው ግለሰብ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በማብረር ላይ እያለ መሣሪያው ከቁጥጥሩ እንደወጣበት ለባለሥልጣናት አስታውቋል። በመሣሪያው ላይ የተካሄደው ምርመራም በተከሰከሰበት ወቅት በቀጥታ በአብራሪው ትዕዛዝ ሥር እንዳልነበረ አረጋግጧል። ዐቃቤ ሕግም በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ክስ እንደማይመሠርት አስታውቋል።

ይሁንና ምርመራው መሣሪያው ትዕዛዝ አለመቀበሉን ቢያረጋግጥም፣ በረራ በተከለከለበት ከተማ በሌሊት እንዲነሳ የወሰነው አብራሪው ራሱ ነው። ብልሽቱ የመሣሪያው፣ ለብልሽቱ አደገኛነት ምክንያት የሆነው ውሳኔ ደግሞ የሰው ነበር ማለት ነው። የመሣሪያውና የሰው ድርሻ በአንድ ክስተት ውስጥ እንዲህ ተሳስሮ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ድሮኑ በአየር ላይ ራሱን እንዴት እንደሚቆጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል። ለገበያ የሚቀርብ ድሮን አብራሪው እጁን ከመቆጣጠሪያው ላይ ቢያነሳ እንኳ ባለበት ቦታ ቆሞ እንዲጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለዚህም በርካታ የመለኪያ ክፍሎች አሉት። የሳተላይት ምልክት ተቀባዩ /ጂፒኤስ/ ያለበትን ቦታ፣ ኮምፓሱ ፊቱ ወደየት አቅጣጫ እንደሆነ፣ ባሮሜትሩ ከፍታውን፣ ጋይሮስኮፑ ደግሞ የማዘንበልና የመዞር ሁኔታውን ይነግሩታል። በውስጡ ያለው ኮምፒውተር እነዚህን መረጃዎች አዋሕዶ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ለሞተሮቹ ትዕዛዝ ያስተላልፋል።

ከእነዚህ ክፍሎች መካከል በቀላሉ የሚሳሳተው ኮምፓሱ ነው። ጂፒኤስ ድሮኑ ያለበትን ቦታ እንጂ ፊቱ ወደየት እንደዞረ አይነግረውም። ነፋስ ድሮኑን 2 ሜትር ወደ ምሥራቅ ቢገፋው ኮምፒውተሩ ወደ ምዕራብ ለመመለስ ይወስናል። ምዕራብ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቀው ግን በኮምፓሱ ነው። ኮምፓሱ 90 ዲግሪ ከተሳሳተ ማስተካከያው ወደ ጎን ይሆንና ድሮኑ እየሰፋ የሚሄድ ክብ እየሠራ መሽከርከር ይጀምራል። ስህተቱ ከዚህ ከበለጠ ድሮኑ ወደ ቦታው ለመመለስ በሞከረ ቁጥር ይበልጥ ይርቃል። በራቀ ቁጥርም ማስተካከያውን ስለሚያጠናክር ፍጥነቱ ይጨምራል። ከመሬት ሆኖ ለሚመለከተው ሰው መሣሪያው "የኮበለለ" የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው።

ኮምፓሱ የሚሳሳተው ተበላሽቶ ብቻ አይደለም። በውስጡ የፌሮ ብረት ባለበት የኮንክሪት ወለል ላይ፣ በመኪና ጣራ ላይ፣ በብረት ድልድይ አጠገብ ወይም በከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር የሚነሳ ድሮን ኮምፓሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የተዛባ መረጃ ይሰጠዋል። የተሳሳተው ክፍል የመሣሪያው ነው፤ የመነሻ ቦታውን የመረጠው ግን አብራሪው ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ጉዳይ "ወደ መነሻ መመለስ" የሚባለው አሠራር ነው። ድሮኑ ከመቆጣጠሪያው ጋር ያለው የራዲዮ ግንኙነት ሲቋረጥ ወይም ባትሪው ሲያንስ በመነሻው ላይ ወደ መዘገበው ቦታ በራሱ ይመለሳል። አብራሪው በቂ የሳተላይት ምልክት ሳይገኝና የመነሻ ቦታው ሳይመዘገብ አስነስቶት ከሆነ ግን መሣሪያው የሚመለስበትን በትክክል አያውቅም። የመመለሻ ከፍታው በአካባቢው ካለው ሕንፃ ወይም ኮረብታ በታች ተደርጎ ከተሞላም መንገድ ላይ የመጋጨት ዕድል አለው። በተንቀሳቃሽ ጀልባ ላይ ያለ አብራሪ ደግሞ ድሮኑ እሱ ወዳለበት ሳይሆን ጀልባዋ ወደነበረችበት ውኃ ሲመለስ ያገኘዋል። በዚህ ሁኔታ መሣሪያው የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ለአብራሪው ግን ከቁጥጥር የወጣ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር መብረር የሚችል ድሮን በሰከንድ 12 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ እየታገዘ 1 ሺህ 500 ሜትር ለመጓዝ 1 ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። በዚያው መስመር ነፋሱን እየተቃወመ ሲመለስ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ብቻ ስለሚሆን ከ8 ደቂቃ በላይ ያስፈልገዋል። የባትሪውን ግማሽ ለመሄጃ፣ ግማሹን ለመመለሻ ያሰበ አብራሪ መሣሪያው መንገድ ላይ የሚቀርበት በዚህ ስሌት ነው። ነፋስ በመሬት ላይ ከሚሰማው ይልቅ ከፍ ሲባል እየበረታ መሄዱ ችግሩን ያባብሰዋል።

ከዚህ በመነሳት ጥፋቱ ሁልጊዜ የአብራሪው ነው ብሎ መደምደም ግን ትክክል አይሆንም። የአውስትራሊያው አር.ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከ2006 ጀምሮ በነበሩት አሥር ዓመታት በዓለም ዙሪያ የደረሱ ከ150 በላይ የሲቪል ድሮን አደጋዎችንና ክስተቶችን መርምረዋል። ከእነዚህም 64 በመቶ ያህሉ በቴክኒክ ችግር ሳቢያ የደረሱ መሆናቸውን አመልክተዋል። በብዛት የታየው ችግርም በአብራሪውና በመሣሪያው መካከል ያለው የግንኙነት መስመር መቋረጥ ነበር። ይህ ውጤት በሰው በሚበረሩ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ላይ ከተለመደው የተለየ ነው፤ በእነዚያ ላይ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የሰው ስህተት ነውና። ሆኖም ጥናቱ ሪፖርት የተደረጉ ክስተቶችን የሚመለከት ሲሆን፣ ለማንም ሳይነገር በሐይቅና በጫካ የሚቀረውን የግለሰብ ድሮን አይጨምርም።

የአምራቾች ጉድለት በግልጽ የታየባቸው አጋጣሚዎችም አሉ። ጎፕሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካርማ የተሰኘ ድሮኑን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ለገበያ አቅርቦ 3 ሳምንት ሳይሞላው 2 ሺህ 500 ያህሉን ለመሰብሰብ ተገዷል። ድሮኖቹ በበረራ ላይ እያሉ ኃይል ይቋረጥባቸው ነበር። ችግሩም ባትሪውን አጥብቆ የሚይዘው መቆለፊያ መላላት ሆኖ ተገኝቷል። በጥቅምት 2018 ደግሞ የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የቻይናው ዲጄአይ ኩባንያ ማትሪስ 200 የተባለ ድሮን በአየር ላይ ኃይል እየተቋረጠበት በመውደቁ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አምራቹም ለባትሪው የሶፍትዌር ማስተካከያ አድርጓል። እንዲህ ባለው ሁኔታ የአብራሪው ችሎታ ምንም ያህል ቢሆን መውደቁን ማስቀረት አይቻልም።

በአንጻሩ የብልሽት ምክንያት በማስረጃ ውድቅ የሆነበት አጋጣሚም አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 2017 በኒውዮርክ አንድ ፋንተም 4 ድሮን ከአሜሪካ ጦር ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ በሄሊኮፕተሩ ላይ ጉዳት አድርሷል። አብራሪው ግንኙነቱ ሲቋረጥ ድሮኑ በራሱ ይመለሳል ብሎ ጠበቀ። ሳይመለስ ሲቀር ተበላሽቶ ውኃ ውስጥ ገብቷል ብሎ ደመደመ። የግጭቱን ነገር የሰማው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች ሲያነጋግሩት ነበር። በምርመራው ድሮኑ ከአብራሪው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከእይታው ውጭ ይበር እንደነበር፣ በአካባቢው ጊዜያዊ የበረራ ገደብ መጣሉንም አብራሪው እንደማያውቅ ተረጋግጧል። መሣሪያው ብልሽት አልነበረበትም።

በጥር 2025 በሎስ አንጀለስ የእሳት ቃጠሎ ወቅት የደረሰው ደግሞ የችግሩን ክብደት ያሳያል። አንድ ግለሰብ ቃጠሎውን ለማየት ያስነሳው ድሮን ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ርቆ ከእይታው ከተሰወረ በኋላ እሳት በማጥፋት ላይ የነበረ አውሮፕላንን ክንፍ በስቷል። አውሮፕላኑም እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ከሥራ ውጭ ሆኗል። ጠበቃው ደንበኛቸው ድሮኑ ወደ ተከለከለ ክልል እንዳይገባ በሚያግደው አሠራር ተማምኖ እንደነበርና አሠራሩ እንዳልሠራ በመግለጽ ቅጣት ማቅለያ አድርገው አቅርበዋል። ግለሰቡ ግን ጥፋተኛነቱን አምኖ ቢያንስ 65 ሺህ ዶላር ካሣ ለመክፈልና 150 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ለመስጠት ተስማምቷል። መሣሪያው ይከለክለኛል የሚለው መከራከሪያ አብራሪውን ከኃላፊነት አላዳነውም።

የሁለቱን ምክንያቶች ትስስር ከሁሉ በላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በሰሜን እንግሊዝ ዎልሴንድ የደረሰው አደጋ ነው። አንድ ኤም 600 ፕሮ ድሮን የግንባታ ቦታ በአውቶማቲክ ዘዴ ሲቃኝ የጂፒኤስና የኮምፓስ ስህተት አጋጠመው። ወዲያውም በእጅ ብቻ ወደሚበርበት ሁኔታ ተቀየረ። በዚህ ሁኔታ ድሮኑ ከፍታውንና ሚዛኑን ቢጠብቅም ነፋስ ወደፈለገው ይወስደዋል። አብራሪው መሣሪያው ትዕዛዝ አልቀበል ያለው መሰለው። ድሮኑም ከእይታ ተሰውሮ የቤት ጣራ መትቶ በጓሮ ወደቀ። የሀገሪቱ የአየር አደጋ መርማሪ አካል በሪፖርቱ መነሻው የመሣሪያው ስህተት መሆኑን ገልጾ፣ ያለ አውቶማቲክ እገዛ በእጅ የማብረር ልምምድ አስፈላጊነት ላይ ትኩረት አድርጓል።

ከመሣሪያውም ከአብራሪውም ውጭ የሆነ ሦስተኛ ምክንያትም አለ። በጥቅምት 2018 በሆንግ ኮንግ በተካሄደ የድሮን ትርዒት ላይ 46 ድሮኖች ወደ ባሕር ወድቀዋል። አዘጋጆቹ ምክንያቱ የጂፒኤስ ምልክት መታወክ መሆኑን አስታውቀዋል። የሳተላይት ምልክት ምድር ላይ ሲደርስ እጅግ ደካማ በመሆኑ አነስተኛ አዋኪ መሣሪያ እንኳ ሊሸፍነው ይችላል።

እንግዲህ ጥፋተኛውን መለየት የሚቻለው በማስረጃ ነው። ድሮኑ የሳተላይቶችን ብዛት፣ የኮምፓሱን ንባብ፣ የባትሪውን ኃይልና አብራሪው የሰጠውን እያንዳንዱን ትዕዛዝ ይመዘግባል። የኮምፓሱ አቅጣጫና የድሮኑ ትክክለኛ ጉዞ ካልተጣጣሙ መንስኤው ይታወቃል። ባትሪው በድንገት ወደ ዜሮ ከወረደ ጥርጣሬው ወደ መሣሪያው ያመዝናል። አብራሪው ማስጠንቀቂያ እየታየው ወደፊት መጓዙን ከቀጠለም መዝገቡ ይናገራል። ችግሩ ዝርዝር መረጃውን ሙሉ በሙሉ ማንበብ የሚችለው ብዙውን ጊዜ ምትክ የመስጠት ግዴታ ያለበት አምራቹ ራሱ መሆኑ ነው። ከላይ የተጠቀሱት የኒውዮርክና የዎልሴንድ ምርመራዎች ተአማኒነት ያገኙት መዝገቡን የመረመሩት ገለልተኛ የመንግሥት አካላት በመሆናቸው ነው።

ጉዳዩ ድሮንን ለሥራቸው ለሚጠቀሙ የሀገራችን መሥሪያ ቤቶችም ፋይዳ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የድሮኑ ፕሮፔለሮች ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጥነው መሽከርከር ይኖርባቸዋል። በዚህም ሳቢያ ባትሪው በማስታወቂያ ላይ የተገለጸውን ያህል ጊዜ አይቆይም፤ ነፋስን የመቋቋም አቅሙም ይቀንሳል።

በመሆኑም ድሮን ለመግዛትም ሆነ ለማሠማራት የሚያቅድ ተቋም የሚመለከታቸውን አካላት ፈቃድ ከማግኘት ጎን ለጎን ሊያሟላቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። በግዥ ውል ውስጥ የበረራ መዝገቡን የማግኘት መብትን ማካተት፣ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የመነሻ ቦታው መመዝገቡን፣ የመመለሻ ከፍታውንና የባትሪውን መቆለፊያ ማረጋገጥ፣ መሣሪያውን ከእይታ አለማውጣት፣ መጀመሪያ ነፋስን ተቃውሞ ሄዶ በነፋስ እየታገዘ መመለስ፣ አብራሪዎችንም ያለ ጂፒኤስ እገዛ በእጅ የማብረር ልምምድ ማድረግ ተጠቃሽ ናቸው። አደጋ ከደረሰ ደግሞ መቆጣጠሪያውንና የስልኩን መረጃ ሳይነካኩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከተመረመሩት ክስተቶች መረዳት የሚቻለው ብልሽትና የሰው ስህተት ተነጣጥለው የሚታዩ አለመሆናቸውን ነው። ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ይነሳል። ብልሽቱ በሜዳ ላይ በሰላም በማረፍ ወይም በሰው ጣራ ላይ በመውደቅ የሚያበቃ መሆኑን የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ያደረገው ዝግጅት ነው። ሕግ አውጪውና ተቆጣጣሪው አካልም ሁለቱንም ማለትም የምርቱን ጥራትና የአብራሪውን ብቃት በእኩል ዓይን ሊመለከቱ ይገባል።