የ28 ሚሊ ሜትሩ ወታደር እና የተሸከመው ታሪክ

ጠረጴዛው ላይ የቆመው ወታደር ከእግሩ ጫማ እስከ ዓይኑ ሲለካ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ሰው የአውራ ጣት አንጓ ብዙም አይበልጥም። ክብ ጋሻ ይዟል፤ የራስ ቁሩ ጫፍ ሾጠጥ ያለ ነው፤ እስከ ጉልበቱ የሚወርደው ካባውም ጥጥ ተሞልቶበት በረድፍ የተሰፋ ይመስላል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከሱልጣን ሠላሑዲን አል-አዩቢ ሠራዊት ጋር የተሰለፈ ተዋጊ መሆኑ ነው። አላፊ አግዳሚ ቢያየው “ጨርቅ ብቻ ለብሶ ወደ ጦርነት የገባ ምስኪን” ሊለው ይችላል።

የሸይዘሩ ተወላጅ ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ (እ.ኤ.አ. 1095–1188) ግን ሌላ ነገር ጽፎ አልፏል። “ኪታብ አል-ኢዕቲባር” በተሰኘው የሕይወት ታሪኩ ስለ አንድ ከዛጋንድ ይተርካል። ከዛጋንድ ማለት ከውጭ ሲታይ ካባ፣ ከውስጥ ግን የብረት ቀለበት ጥሩር የተሰፋበት ልብስ ነው። ኡሳማ የገለጸው ከዛጋንድ በገበሩ ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ጥሩር ደብቆ ይዞ ነበር። ይህን ያላነበበ ቀራፂ ተዋጊውን ያለ መከላከያ የወጣ አድርጎ ይሠራዋል፤ ያነበበ ደግሞ ካባው በትከሻ ላይ እንዴት እንደሚከብድ፣ እጥፋቱም ከተራ ጨርቅ እጥፋት እንዴት እንደሚለይ ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመለኪያ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ስለ አንድ ሕዝብ የሚተላለፈው ምስል ግን በዚያች ቅንጣት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እነዚህ ድንክዬ ቅርጾች የሚሠሩት በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾች ወታደሮቹን ቀለም ቀብተው በኮረብታ፣ በወንዝና በመንደር አምሳያ መካከል ያሰልፏቸዋል፤ የጉዞውን ርቀት በሜትር፣ የውጊያውን ዕጣ በዳይስ ይወስናሉ። የጨዋታው የዘር ሐረግ ወደ ምሥራቅ ይመዘዛል። ኢትዮጵያውያን ሰንጠረዥ የሚሉት ጨዋታ ስሙን ያገኘው ከዐረብኛው ሸጥረንጅ ነው። በጀርመን የብራውንሽቫይግ ነዋሪ የነበረው ዮሐን ሄልቪግ እ.ኤ.አ. በ1780 ይህንኑ ሰንጠረዥ አስፍቶ መድፍና ፈረሰኛ ያለበት የጦርነት ጨዋታ አዘጋጀ። የፕሩሲያው ባሮን ፎን ራይስቪትስ በ1812 የራሱን ጨዋታ ለንጉሡ አቀረበ፤ ልጁም በ1824 አሻሽሎት የጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታውን ወደ ቤት ሳሎን አስገባው። ትንሹ ጦርነት ትልቁን ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ያሳያል ብሎ ያምን የነበረው ዌልስ፣ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ተመለከተ።

ወታደሮቹ ለረጅም ጊዜ ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ ይቀለጡ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የብሪታንያው ኤርፊክስ ኩባንያ ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠሩ እጅግ ትናንሽ ወታደሮችን በርካሽ ማቅረብ ጀመረ። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ጥቂት አነስተኛ የብሪታንያ ኩባንያዎች ፖሊስታይሪን በተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ታሪካዊ ሠራዊቶችን በሳጥን እያሸጉ መሸጥ ያዙ። ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቀው ለአሥርተ ዓመታት በዚሁ ሙያ የሠሩት መንትያ ወንድማማቾች፣ ማይክልና አለን ፔሪ፣ በኖቲንግሃም ያቋቋሙት ድርጅት ነው።

ማይክል ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ ክሬሲ በተካሄደ የታሪካዊ ውጊያ ትርዒት ላይ በደረሰ የመድፍ አደጋ ቀኝ እጁን አጣ። ይሠራበት የነበረውም ያው እጅ ነበር። አንድ ቀራፂ ዐሥሩንም ጣቱን የሚፈልግበት ሥራ ነውና ብዙዎች ያበቃለት መስሏቸው ቢሆን አይደንቅም። እርሱ ግን ግራ እጁን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው አስተምሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በተጫዋቾች ጠረጴዛ ላይ ከቆሙት ድንክዬዎች ብዙዎቹ የዚያ ግራ እጅ ሥራዎች ናቸው።

ሥራው እንዲህ ይካሄዳል። በቀድሞው ዘዴ ቀራፂው ቀጭን ሽቦ እንደ አጽም ያቆማል። ከዚያም ቢጫና ሰማያዊው ሲለወሱ አረንጓዴ የሚሆነውን፣ በሰዓታት ውስጥ የሚጠነክረውን ሊጥ መሰል ማጣበቂያ በላዩ እየደረበ በመርፌና በቀጭን ቢላዋ ሥጋ፣ ልብስና ፊት ያወጣለታል። ለፕላስቲክ የሚሆነው ምስል ከመጨረሻው መጠን በሦስት እጥፍ ትልቅ ሆኖ ይሠራና ዝርዝሩ በልዩ መሣሪያ እየተቀነሰ በብረት ላይ ይቀረፃል። አሁን አሁን አብዛኛው ሥራ በኮምፒውተር ላይ ይከናወናል፤ ቀራፂው በማይዳሰስ ጭቃ ላይ በዲጂታል ብዕር ይሠራል፤ ፋይሉም ብረት ወደሚቆርጠው ማሽን ይላካል።

ከባዱ ፈተና ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረቱ ቅርጽ ማውጫ ይረጫል፤ በቅጽበት ሲቀዘቅዝም የብረቱ ሁለት ግማሾች ይላቀቃሉ። ጡብ ሠሪ ጭቃውን ከሳጥኑ ቀጥ አድርጎ ካላወጣው ጠርዙ እንደሚፈርስ ሁሉ፣ እዚህም ብረቱ የሚላቀቀው ቀጥ ብሎ ብቻ ነው። የብረት ቅይጡ ወታደር የሚወጣበት ጎማ ይለጠጣልና ጎርባጣውን ሁሉ ይታገሣል፤ ጠንካራው ብረት ግን ከክንድ ሥር የገባችን ትንሽ ጉድጓድ እንኳ አያልፍም። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ሰውየውን ይበትነዋል፦ ጭንቅላቱ ለብቻ፣ ክንዱ ለብቻ፣ ጋሻው ለብቻ። ገዢው በቤቱ መልሶ በሙጫ ይገጣጥመዋል። ከመበተኑ የተገኘ በረከትም አለ፤ አንዱ አካል የተለያየ ጭንቅላትና ክንድ ስለሚቀበል ከጥቂት ቅርጾች እርስ በርሱ የማይመሳሰል ጭፍራ ይወጣል። ጭንቅላትና እጅ ከእውነተኛው ምጥጥን በጥቂቱ ይተልቃሉ፤ ጦርና ሰይፍም ይወፍራሉ። በልኩ የተሠራ የጦር ዘንግ የፀጉር ያህል ቀጭን ሆኖ ይሰበራልና፣ ፊቱም ከክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ለሚያየው አይለይምና ነው።

አንድ የብረት ቅርጽ ማውጫ ለማስቆረጥ ብዙ ሺህ ፓውንድ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው እያንዳንዱ ፕላስቲክ ግን ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ብዙ ሳጥን የማይሸጥለት ሠራዊት ብረት አይቆረጥለትም። የናፖሊዮን እግረኛ፣ የሮም ሌጌዎንና የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር በቀላሉ ያልፋሉ። የአፍሪካና የእስልምናው ዓለም ሠራዊቶች ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ጠረጴዛው የሚመጡት የአውሮፓ ጦር ተቃራኒ ሆነው ነው። የሠላሑዲን ፈረሰኛ የሚፈለገው የመስቀል ጦረኛው ባለጋራ ስለሚያስፈልገው ነው፤ የሱዳኑ አንሷርም የእንግሊዙ እግረኛ በአራት ማዕዘን ተሰልፎ ይጠብቀዋልና።

የፔሪ ወንድማማቾች ካወጧቸው የፕላስቲክ ስብስቦች አንዱ እነዚሁ የመሕዲ ተከታዮች፣ አንሷሮች ናቸው። በእነርሱ ላይ ከባዱ ጥያቄ የልብሱ ነው። ሙሐመድ አሕመድ አል-መሕዲ ተከታዮቹን ያለበሳቸው የተጣጣፈ ጅባ የዓለምን ድሎት የመናቅ ምልክት ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥገናው የእውነት ጥገና ነበር፤ ባለቤቱ እንዳገኘ የሚለጥፈው ቁራጭ። በኋላ ግን በኸሊፋ ዐብዱላሂ ዘመን ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊው ቁራጭ በግራና በቀኝ ተመጣጥኖ የሚሰፋበት፣ የደንብ ልብስ ያህል የተስተካከለ ሆነ። በ1884 በተማኢ የእንግሊዞቹን አራት ማዕዘን ሰልፍ ሰብረው የገቡት የቤጃ ተዋጊዎች በበኩላቸው በጎፈሬያቸው የሚለዩ፣ ብዙዎቹም ጅባ ያልለበሱ ነበሩ። ሦስቱን በአንድ ሳጥን አደባልቆ “ደርቡሽ” ብሎ መሸጥ ቀላል ነው፤ ለይቶ መሥራት ግን ጥናት ይጠይቃል።

“ደርቡሽ” የሚለውን ቃል የአማርኛ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። በጥር 1888 ጎንደርን ያቃጠለው፣ በመጋቢት 1889 ደግሞ መተማ ላይ አጼ ዮሐንስ 4ኛ በቆሰሉበትና በሞቱበት ውጊያ የተሰለፈው ይኸው ሠራዊት ነው። በኢትዮጵያ ትዝታ ወራሪ፣ በሱዳን ትዝታ አንሷር፣ በእንግሊዝ ትዝታ ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1898 ኦምዱርማን ላይ ከ50 ያነሱ ሰዎችን ብቻ ላጣ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር 10,000 ያህል ሙታን የገበረ ጭፍራ ነው። አንድ ጅባ ሦስት ታሪክ ይሸከማል። ቀራፂው ፊቱ ላይ የሚያሰፍረው ገጽታ፣ ቁጣም ይሁን ጽናት ወይም ፍርሃት፣ ከሦስቱ ወደ አንዱ ማዘንበሉ አይቀርም።

መረጃው የሚገኝበት ቦታም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ከውጊያው ሜዳ የተወሰዱ ጅባዎችና ጦሮች ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል፤ እንግሊዛዊው ቀራፂ በባቡር ሄዶ ስፌቱን ሊቆጥር ይችላል። በካርቱም ያለው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ግን በሚያዝያ 2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት ተዘርፏል። የሠላሑዲንን ዘመን መሣሪያዎች የሚዘረዝረው የመርዲ አጥ-ጠርሱሲ ድርሳን የሚገኘውም በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው።

ሙስሊም አንባቢ ሌላም ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ ሕይወት ያለውን ፍጡር መቅረጽ እንዴት ይታያል? አብዛኞቹ ፉቀሃእ ጥላ ያለውን ሐውልት ይከለክላሉ። ብዙዎቹ ግን የልጆችን መጫወቻ ለይተው ፈቅደዋል፤ ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱም በአቡ ዳውድ ስብስብ የሚገኘው፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከአሻንጉሊቶቿ መካከል ስለነበራት ባለ ክንፍ ፈረስና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመልሷ ስለ መሳቃቸው የሚያወሳው ሐዲስ ነው። የአዋቂዎች ጨዋታ በዚህ ውስጥ ይግባ አይግባ የዐሊሞች ብያኔ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። የቀደሙት የእጅ ባለሙያዎች የራሳቸውን መንገድ አግኝተውለት ነበር። የኒሻፑር እንደሆነ የሚገመተውና ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሰንጠረዥ ዝሆኑን በሁለት ጉብታ፣ ፈረሱን በአንዲት ሾጣጣ ጫፍ ብቻ ያመለክታል። ፊት የለውም፤ ተጫዋቹ ግን ማን ምን እንደሆነ አይስተውም።

ዛሬ የብረቱ ዋጋ ያቆመው በር በሌላ በኩል እየተከፈተ ነው። በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ሬዚን የሚጠቀሙ ማተሚያዎች ዋጋቸው ወርዶ በአንድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ሆነዋል። ፈሳሹ ሳይደርቅ ቆዳንና ሳንባን ይጎዳልና ጓንትና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ይፈልጋል፤ የታተመውም ከፖሊስታይሪን ይልቅ በቀላሉ ይሰበራል። ሆኖም ብዙ ሺህ ሳጥን ይሸጥ እንደሆነ ማንንም ሳያስፈቅድ አንድ ሰው አንድ ወታደር ሊያወጣ ይችላል። የዐድዋ ባለ ጎራዴ፣ የሐረር ዘበኛ ወይም የአፋር ግመለኛ ዘመቻ የግድ የሌላ ሰው ታሪክ ማሟያ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

ማሽኑ ግን ጅባው ስንት ቁራጭ እንደነበረው፣ ከካባው ሥር ብረት መኖር አለመኖሩን አያውቅም። ይህን የሚያውቁት ዐረብኛውን ድርሳን፣ የግእዙን ዜና መዋዕልና የአያቶችን ወግ በቋንቋቸው ማንበብና መስማት የሚችሉ ናቸው። እነርሱ ካልሠሩት ሌላው ይሠራዋል፤ ካባውንም ጨርቅ ብቻ አድርጎ።