«ፍሬን ረግጬ ነበር እኮ!»

የመኪና አደጋ ዜና በሬዲዮ ሲነገር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በሁለት ቃል ያልቃል፦ «ፍሬን እምቢ ብሎት»። ልጆቹን ሊጠይቅ ከቁይ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚሄድ አባወራ ይህን አባባል በደንብ ያውቀዋል። ደጀንን ካለፈ በኋላ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ዓባይ ድልድይ ያደርሰዋል። እዚያ ላይ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ በመውረድ ፋንታ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። በበረሃው «እምቢ አለ» ማለት ሐሰት አይደለም፤ እምቢ እንዲል ያደረገው ግን ብዙ ጊዜ አነዳዱ ነው።

በሜዳ፣ በግቢ በር፣ በሱቅ ደጃፍ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። «ቆማ ነበር፤ ሳላስበው ተፈተለከች። ፍሬን ብረግጥ ባሰባት።» እዚህ ላይ የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉ። በተረገጠ ቁጥር ከባሰባት፣ የተረገጠው ፍሬን ነበር ወይ?

ጥያቄው ዓለምን ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የኦዲ 5000 መኪና ባለቤቶች «ከፓርክ ስናወጣት በራሷ ተስፈነጠረች» ብለው በቴሌቪዥን ቀረቡ። ኩባንያው በ1985 በዚያ አገር 74,000 ያህል መኪና ሸጦ ነበር፤ በ1991 ሽያጩ ወደ 12,000 ወረደ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርምሮ በ1989 የደረሰበት ግን አብዛኛው አደጋ የእግር ስህተት መሆኑን ነው። ሰዎቹ ፍሬን ሲሉ ነዳጅ መስጫውን ረግጠዋል። ዛሬ ኦቶማቲክ መኪና ፍሬን ሳይረገጥ ከፓርክ አልወጣም የሚለው የዚያ ክርክር ትሩፋት ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በነሐሴ 2009 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ አንድ ቤተሰብ የተሳፈረባት ሌክሰስ ነዳጅ መስጫዋ ተይዞ ስትሮጥ አራት ሰው ሞተ። ምክንያቱ የእግር ምንጣፍ ነበር፤ የሌላ ሞዴል ምንጣፍ ተነጥፎ ፔዳሉን ነክሶ ያዘው። ቶዮታ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖችን ለማስተካከል ጠራ። ጥርጣሬው ወደ ኮምፒዩተሩ ሲዞር የጠፈር ድርጅቱ ናሳ መሐንዲሶች ገብተው መረመሩ፤ በየካቲት 2011 ይፋ የሆነው ውጤት ለእነዚህ አደጋዎች የኤሌክትሮኒክስ ምክንያት አልተገኘም የሚል ነበር። በ2013 ግን የኦክላሆማ ዳኞች በአንዲት ካምሪ አደጋ ጥፋቱ የመኪናዋ ሶፍትዌር ነው ብለው ፈረዱ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቶዮታ ስለ ምንጣፉና ስለሚጣበቀው ፔዳል ሕዝብን በማሳሳቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ስለዚህ «ሁሌም ሾፌሩ ነው» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ቶሎ አትመኑት። ሚዛኑ ግን ወደ እግር ያጋድላል።

ይህን ለመቀበል የሚከብደው፣ የተሳሳተው ሰው የማይዋሽ በመሆኑ ነው። ፍሬን መርገጡን ከልቡ ያምናል። ወደ ኋላ ለማየት ወገቡን ጠምዝዞ ሲዞር ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ይንሸራተታል። መኪናዋ ስትዘል ይደነግጣል፤ የደነገጠ እግር ደግሞ ያለበትን ይበልጥ ይጫናል እንጂ አይነሣም።

ዓባይን የምንሻገርበትን አዲሱን ድልድይም፣ ከላዩ የሚያልፉትን አብዛኞቹን መኪኖችም የሰጠችን ጃፓን በዚህ መከራዋን አይታለች። በሚያዝያ 2019 በቶኪዮ የ87 ዓመት አዛውንት የነዱት መኪና በብስክሌት የሚሄዱ እናትንና የ3 ዓመት ልጇን ገደለ። አዛውንቱ መኪናዋ ተበላሽታ ነው ብለው ተከራከሩ። በመኪናዋ ውስጥ የተመዘገበው መረጃ የተረገጠው ነዳጅ መስጫው መሆኑን አሳየ፤ የ5 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። በዚያ ዓመት 600,000 ያህል ጃፓናውያን፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ መንጃ ፈቃዳቸውን በፈቃዳቸው መለሱ። «አባዬ፣ ከእንግዲህ ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ» ማለት በእኛም ቤት የሚከብድ ንግግር ነው። ግን ልጁ ሊናገረው፣ አባትም ሊሰሙት የሚገባ ነው።

የእኛ አገር ሾፌር ብዙው በማንዋል የተማረ ነው። ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሞተሩ ከጎማው ይላቀቃል፤ ማምለጫው በግራ እግሩ ነበር ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም። ድምፅም የላቸውም፣ ሲነኳቸው ግን ወዲያው ይወረወራሉ። ልጅ ለአባቱ እንዲህ ያለ መኪና ሲገዛ ቁልፉን አስረክቦ መሄድ የለበትም፤ ሰው በሌለበት ሜዳ ጥቂት ቀን አብሮ ያለማምዳቸው።

መኪናዋ ከተፈተለከች መጀመሪያ እግርን ከሁሉም ፔዳል ማንሣት ነው። ከዚያ ፍሬኑን ፈልጎ አንዴ አጥብቆ ረግጦ መያዝ፤ እየደጋገሙ መርገጥ የፍሬኑን ጉልበት ይጨርሰዋል። ማርሹን ወደ ዜሮ ማውጣት። ሞተሩ ቢጮህም ይጩህ። እየሄደች ቁልፉን ነቅሎ ማውጣት ግን መሪውን ሊቆልፈው ይችላል። በአዝራር የምትነሣ ከሆነች አዝራሩን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል።

ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ አትደርቡ። መኪና ከግቢ ሲወጣና ሲገባ ደግሞ አያት ከሆናችሁ ሥራችሁ አንድ ነው፦ የልጅ ልጆቻችሁን እጅ ይዛችሁ በረንዳ ላይ መቆም፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሯ እስኪጠፋ ድረስ።