በጎንደርና በሰሜን ደጋ የወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ተክሎች አሰያየም

በጎንደር ከተማ አራዳ ከሚባለው ሰፈር በገበያ ቀን የተገኘ ሰው፣ የሽንኩርቱን ክምር ሳያይ አያልፍም። እኔም አንድ ቀን ከአንዲት ባልቴት ሽንኩርት ሻጭ ፊት ቆሜ «እምዬ፣ ይህ ሽንኩርት ቀለሙ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቀይ ነዋ ልጄ፤ ሽንኩርት አታውቅም እንዴ?» ሲሉ መለሱልኝ። ወዲያው ከጎረቤታቸው ቁና አንድ ዛላ በርበሬ አንሥቼ ከሽንኩርቱ ጎን አኖርሁና «ሁለቱ አንድ ናቸውን?» አልኋቸው። ጥቂት ተመልክተው «እንዴት አንድ ይሆናል! በርበሬው ደም ይመስላል፤ ሽንኩርቱ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ስሙ ግን ቀይ ሽንኩርት ነው» አሉኝ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በባልቴቲቱ መልስ ውስጥ ያለውን ቁም ነገር መግለጥ ነው። ይኸውም ዐይን የሚያየው ቀለምና አንደበት የሚሰጠው ስም ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ይህንንም ልዩነት አለማወቅ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ጉዳት አለው።

በቀይና በሰማያዊ መካከል ላለው ቀለም አማርኛ በዋናነት ሁለት ስሞች አሉት። አንደኛው ሐምራዊ ሲሆን፣ የመጽሐፍና የትምህርት ቤት ቃል ነው። ሁለተኛው ወይን ጠጅ ነው፤ ይህም ከመጠጡ የተወሰደ ስም ነው። ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከተማው ራሱ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው፣ ወይና ደጋ በተባለው፣ ስሙም ከወይን ጋር በተያያዘው አየር ንብረት ውስጥ ይገኛል። የሆነ ሆኖ ሁለቱም ቃላት ከዕለት ንግግር ይልቅ ለጨርቅና ለሥዕል የሚነገሩ ናቸው። በሐዋርያት ሥራ የምትጠቀሰው ልድያ የምትሸጠው ነገር በግሪኩ ሐምራዊ ሲሆን፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቀይ ተብሎ መተርጐሙም ይህንኑ ያስረዳል።

ይህ ጠባይ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት 98 ልሳናትን አነጻጽረው በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ልሳናት ሁሉ ነጭንና ጥቁርን ይለያሉ፤ ሦስተኛ ስም ቢጨመር ቀይ ይሆናል፤ ሐምራዊ ግን ራሱን የቻለ ስም የሚያገኘው ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው ብለዋል። አሳባቸው ኋላ ብዙ ተቺ ገጥሞታል። ነገር ግን ስም ማጣት ማለት አለማየት ማለት እንዳልሆነ ከገበያዋ ባልቴት የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

እንግዲህ ሐምራዊው ሽንኩርት ስለ ምን ቀይ ተባለ? መልሱ በስሙ ጥንድ ላይ ይገኛል። ቀይ ሽንኩርት የተባለው ነጭ ሽንኩርት ስላለ ነው። ጥቁር ገብስ የተባለው ከነጭ ገብስ እንዲለይ ነው። ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድም እንዲሁ ናቸው፤ ነጭ አዝሙድን በእጁ ይዞ የተመለከተ ሰው ከወተት ጋር የሚመሳሰል ነጭነት አያገኝበትም። ሰውንም ቀይ ስንል ቆዳው እንደ በርበሬ ነው ማለታችን አይደለም፤ ከጠይምና ከጥቁር መለየታችን ነው። ስለዚህ በአማርኛ የእህልና የአትክልት አጠራር፣ የቀለም ስም ሁለት ወንድማማቾችን ለመለየት የሚቆም ድንበር ነው እንጂ የመልክ መግለጫ አይደለም።

ወንድም የሌለው ተክል ግን የቀለም ስም አያስፈልገውም። አጋም በመጀመሪያ ቀይ ሆኖ ኋላ ሲበስል ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ይሆናል፤ እሾሁን ደፍሮ የለቀመ እረኛ ከንፈሩና ጣቱ ይመሰክሩበታል። ዶቅማም ከደጋው ወረድ ባለው አገር በወንዝ ዳር እየበቀለ እንዲሁ ያለ ፍሬ ያፈራል። ሁለቱም በስማቸው ውስጥ ቀለም የለም።

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች የወጣ መንገደኛም ይህንኑ ያያል። ለሻይ ማጣፈጫ የሚሆነው ጦስኝ ምድር ላይ ተነጥፎ ጥቃቅን ሐምራዊ አበባ ያወጣል። የሳይንስ ስሙ በአገራችን ከ1837 እስከ 1878 እ.ኤ.አ. ድረስ የኖረውን ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ፣ የቪልሄልም ሺምፐርን ስም ይዟል፤ ያገሬው ሰው ግን የሚያውቀው በሽታው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ ደግሞ ጅብራ ለብዙ ዓመታት ሲያድግ ቆይቶ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሰማያዊና ሐምራዊ የተቀላቀለበት ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣና ይሞታል።

ይህን ቀለም በአብዛኞቹ ተክሎች የሚያመጣው አንቶሲያኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ጠባዩ ተለዋዋጭ ነው፤ ኮምጣጣ ሲያገኘው ይቀላል፣ ተቃራኒውን ሲያገኝ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። በተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ላይ ሎሚ የጨመቀች ባለሙያ ሽንኩርቱ ደምቆ ሲቀላ አይታለች። ቀይ ሥር ግን ቢመስላቸውም የቀለሙ ምንጭ ቤታሌይን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነው። አንቶሲያኒን ተክሉን ከብርቱ ፀሐይና ከብርድ እንደሚከላከልለት ሊቃውንት ይናገራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ስለ አገራችን እህል በጻፍሁት ድርሰት ውስጥ «ጥቁር ስንዴ» የሚለውን ስም ቃል በቃል ተርጕሜ አቀረብሁ። መምህሬ አንብበው «ዘሩን አሳየኝ» አሉኝ። ከአገር ቤት በደብዳቤ አስልኬ ጥቂት ፍሬ በመስኮቱ ብርሃን አንጻር ብናየው ወይን ጠጅ ሆኖ ተገኘ። እኔ በልጅነቴ የበላሁትን እህል፣ ስሙን አምኜ፣ መልኩን ሳልመለከት ጽፌ ነበር።

ይህ ሐምራዊ ስንዴ ተራ ነገር አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. (በ1927 እ.ኤ.አ.) ከአዲስ አበባ በጎንደር አድርጎ እስከ አስመራ በተጓዘ ጊዜ ዘር ሰብስቦ ነበር፤ ሐምራዊ ፍሬ ያላቸውንም ስንዴዎች የኢትዮጵያ ልዩ ምልክት አድርጎ ቈጥሯቸዋል። የፍሬው ቀለም ያለው በውጭ ልባሱ ላይ ነው፤ ውስጡ ነጭ ነው። ልባሱም የእናቲቱ ተክል አካል ስለሆነ፣ የፍሬው መልክ የእናቱን እንጂ የራሱን ዘር አይገልጥም። ከዚህ ከአገራችን ስንዴ የተወሰደው ሐምራዊነት ዛሬ በሌሎች አገሮች በተዳቀሉ የስንዴ ዘሮች ውስጥ ይገኛል።

በእኛ ዘንድ ግን ነጭ ስንዴ በገበያ ሲወደድ፣ ጥቁር የተባለው ለጠላና ለአረቄ እየተባለ ወደ ማሳው ዳር ይገፋል። በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ዛሬ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው ማእከል የአገር ዘሮችን ሰብስቦ ያኖራል። ነገር ግን የገበሬውን ቃል «ጥቁር» ብሎ ብቻ የመዘገበ ሰው፣ ሐምራዊውን ስንዴና በእውነት ጥቁር የሆነውን እህል በአንድ መደብ ያስገባቸዋል፤ አንዱ በጠፋ ጊዜም መጥፋቱን የሚነግረን መዝገብ አይኖርም።

ስለዚህ ወደ ወገራም ሆነ ወደ ሰሜን ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎቻችን ሦስት ነገር እንዲጽፉ እመክራለሁ፤ በመጀመሪያ ገበሬው የሚጠራበትን ስም ሳይለውጡ፣ ሁለተኛ ስሙ ከየትኛው ወንድሙ እንደሚለየው፣ ሦስተኛ ዘሩን በብርሃን አይተው መልኩን። ገበሬውንም «ምን ይባላል?» ብለው ብቻ አይለፉት፤ «ምን ይመስላል?» ብለው ይጨምሩ። የአራዳዋ ባልቴት እውነቱን የነገሩኝ ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠይቃቸው ነውና።