ጤና አዳሙን ያጫጨው የማን ዓይን ነው?

አንዲት የምናውቃት ወጣት በረንዳዋ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተከለችው ጤና አዳም ሁለት ዓመት ሙሉ ከስንዝር አላልፍ ብሏታል። በዚያው ሰሞን የተተከለው የጎረቤቷ ግን ተንሰራፍቷል። ወሬው ወዴት እንደሄደ መገመት አያቅትም፤ "የሷ ዓይን ነው የበላው" ተባለ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ቡና መጠራራት ቀረ፣ ሰላምታውም በግድ ሆነ።

እኛም "ለመሆኑ ቅጠሉን በየስንት ጊዜው ትቀጥፊዋለሽ?" አልናት።

"ኧረ በየቀኑ! ለጠዋት ቡና፣ ለማታ ቡና። ሳልፍም አሸት አድርጌ አሸተዋለሁ።"

በቃ፣ ሌባው ተያዘ!

ተክል መቼም አይሮጥ፣ አይጮህ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ወይም አባጨጓሬ ሲበላው ጃስሞኔት የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ስሙ የመጣው ከጃስሚን ነው፤ የኛ ጠምበለል ዘመድ መሆኑ ነው። ሆርሞኑ "ጠላት መጣ!" ሲለው ተክሉ ማደጉን ገታ አድርጎ ራሱን ወደ መከላከል ይዞራል።

በእንግሊዝ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ የተባለች ትንሽ የጎመን ዘመድ ወስደው ቅጠሏን ደጋግመው አቆሰሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንደጻፉት፣ እድገቷ በግማሽ ቀነሰ፤ ጃስሞኔቷ ግን ሰባት እጥፍ ሆነ። ሆርሞኑን መሥራት የማይችሉት እህቶቿ ያው ቁስል ደርሶባቸው አልጫጩም! ደግሞ ቅጠሉ ያነሰው ሴሎቹ ስለኮሰመኑ ሳይሆን መባዛታቸው ስለቀነሰ ነው።

መቁረጡስ ይሁን፣ መዳበስ ምን ያደርጋል እንዳትሉ። በአሜሪካ ሂውስተን የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ደጋግሞ መነካካት ብቻውን በዚሁ ጃስሞኔት በኩል ተክሉን ያሳጥረዋል፤ አበባውንም ያዘገየዋል። በሌላ በኩል የተነካካው ተክል ተባይንና ሻጋታን የበለጠ ተቋቁሟል። አጭር ግን ጉልበተኛ እንበለው?

እርግጥ ሁሉንም በሆርሞን ማሳበብ አይገባም። ቆርቆሮው ጠባብ ነው፤ ተክሉ ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ስለሆነም ቅጠል በተቀጠፈ ቁጥር ጓዳው ይራቆታል።

እናም ለልጅቷ የነገርናት ይህን ነው፦ ሰፋ ወዳለ ዕቃ አዛውሪው፣ ለተወሰኑ ሳምንታት እጅሽን ሰብስቢለት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት አድርገሽ ትከዪና በተራ ቅጠፊ።

"እስከዚያ ለቡናዬ ከየት ላምጣ?" ስትል ወደ ጎረቤቷ በረንዳ ጠቆምናት። ባለፈው እሁድ አንድ ቀንበጥ ልትለምን በሯን ማንኳኳቷን ሰምተናል።