«ኖ»፦ በአሮጌ ካሜራ የተነሣ ሕዝበ ውሳኔ

የቺሊው ዳይሬክተር ፓብሎ ላራይን እ.ኤ.አ. በ2012 «ኖ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የዘመኑን ጥርት ያለ ካሜራ ትቶ፣ በ1980ዎቹ የቴሌቪዥን ባለሙያዎች ይሸከሙት የነበረውን ዩ-ማቲክ በተባለ ቴፕ የሚቀርጽ የቪዲዮ ካሜራ መረጠ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ቀለሙ ከመስመሩ ያልፋል፤ ፀሐይ ወደ ምስሉ ስትገባ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ «ቴሌቪዥኔ ተበላሸ እንዴ?» ያሰኛል።

ታሪኩ የ1988ቱ ሕዝበ ውሳኔ ነው። በ1973 መንግሥት ገልብጠው ሥልጣን የያዙት ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼት፣ ራሳቸው ባስጸደቁት ሕገ መንግሥት ምክንያት ለተጨማሪ ስምንት ዓመት ይቆዩ እንደሆነ ሕዝቡን መጠየቅ ነበረባቸው፤ «ኖ» ማለት «አይቆዩ» የሚለው ድምፅ ነው። ተቃዋሚዎች ለ27 ምሽቶች በየቀኑ 15 ደቂቃ ተሰጣቸው፤ ያውም ሰው ወደ መኝታው በሚያመራበት ሰዓት። የቀረው የአየር ሰዓት የመንግሥት ነበር።

በዚህ 15 ደቂቃ የተገደሉትንና ደብዛቸው የጠፋውን እናሳይ ይላሉ የተቃዋሚ ፖለቲከኞቹ። ለስላሳ መጠጥ ሲያስተዋውቅ የኖረው ሬኔ ሳቬድራ (ጋኤል ጋርሲያ በርናል) ግን ይህማ የፈራውን ሕዝብ ይብስ ማስፈራት ነው ባይ ነው። ቀስተ ደመና፣ ጭፈራና ሳቅ ይዞ ይመጣል። ከፖለቲከኞቹ አንዱ በሟቾች ላይ እንደ መሳለቅ ቆጥሮት ተቆጥቶ ይወጣል፤ ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት ይኸው ነው፣ ሁለቱም እውነት አላቸውና። የሬኔ አለቃ ደግሞ ለፒኖቼት ወገን ይሠራል። ሁለቱ በአንድ ቢሮ አብረው ማስታወቂያ ይሸጣሉ፤ ከቢሮ ውጪ ሬኔን የሚከታተሉትና የሚያስፈራሩት ግን የአለቃው ወገኖች ናቸው።

የአሮጌው ካሜራ ጥቅም እዚህ ላይ ይገባል። ላራይን የ1988ቱን እውነተኛ ማስታወቂያና ዜና ከትወናው ጋር ሲሰፋው ስፌቱ አይታይም። የዘመቻውን ዝግጅት ያቀርብ የነበረው ጋዜጠኛ ፓትሪሲዮ ባንያዶስ እንኳ ራሱን ሆኖ ተውኗል፤ በቴፕ ላይ ጎልማሳ፣ በትወናው ሽማግሌ ነው።

ችግሩም ይኸው ነው፤ ዓይን ያመነውን ማን ይጠራጠራል? ኦክቶበር 5 ቀን «ኖ» 56 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፈ። ተመልካቹም ያሸነፈው ማስታወቂያው ብቻ ይመስለዋል። እውነተኛውን ዘመቻ የመሩት ሄናሮ አሪያጋዳ ፊልሙን አጥብቀው ነቅፈዋል፤ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው እንዲመዘገብ ቤት ለቤት የተለፋው ልፋት የት ገባ? ሬኔም ቢሆን የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ማስታወቂያው የብዙ ሰዎች ሥራ ነበር። ነቀፌታው ትክክል ይመስለኛል። በቴፕ ያልተቀረጸው ሁሉ ከፊልሙም ቀርቷል።

ይሁን እንጂ ላራይን የዋህ አይደለም። ከድሉ በኋላ ሬኔ ወደ ቢሮው ይመለሳል፤ ለስላሳውንም ነፃነቱንም ባስተዋወቀበት በዚያው ንግግር አዲስ ተከታታይ ድራማ ለደንበኞች ያቀርባል።