ሱዱ ፋይሉን ከየት አመጣው?

በሊኑክስ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ /ዩኤስአር/ቢን የሚባለውን ፎልደር ዘርዝሮ የሚያይ ሰው ከተደረደሩት ፕሮግራሞች መሃል ሱዱ የሚባለውን ያገኛል። ከስሙ ፊት ያሉት የፈቃድ ፊደላት ከጎረቤቶቹ ይለያሉ፤ ሌሎቹ ጋ «ኤክስ» በተጻፈበት ቦታ እሱ ጋ «ኤስ» ተጽፏል። የፊደሏ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ተራ ፕሮግራም የሚሠራው ባስነሣው ሰው ሥልጣን ነው፤ «ኤስ» ያለበት ግን ማንም ያስነሣው በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን ይሠራል። የሱዱ ባለቤት ደግሞ ሩት ነው፤ በማሽኑ ላይ የሚከለክለው የሌለ ተጠቃሚ።

የዚህች ፊደል ሐሳብ የዴኒስ ሪቺ ነው። ቤል ላብስ ውስጥ ከኬን ቶምፕሰን ጋር የሊኑክስ ቀዳሚ የሆነውን ዩኒክስን በሚሠራበት ዘመን የፈጠረው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የፓተንት ማመልከቻ ገብቶበት በ1979 ጸደቀ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሱዱን ደግሞ በ1980 ገደማ ቡፋሎ በሚገኘው የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቦብ ኮገሻልና ክሊፍ ስፔንሰር ጻፉት። የሩትን ፓስወርድ ለሁሉም ብትሰጥ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ብትሰጥ እሱ በቀረ ቀን ሥራ ይቆማል። ሱዱ «እገሌ ይህን ትእዛዝ ብቻ እንደ ሩት ሆኖ ማዘዝ ይችላል» የሚል ደንብ /ኢቲሲ/ሱዱወርስ ከተባለ ፋይል አንብቦ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፤ ማን ምን እንዳዘዘም ይመዘግባል። ትልልቅ ድርጅቶች ዛሬ በውድ የሚገዟቸው የፈቃድ አስተዳደር ሶፍትዌሮች ዋና ሥራቸው ይኸው ነው።

በ2011 መጀመሪያ በወጣው 1.8 ስሪት ሱዱ ለሁለት ተከፈለ። ከተጠቃሚው ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያዘጋጀው የፊተኛው ክፍል /ዩኤስአር/ቢን ውስጥ ቀረ። ደንቡን አንብቦ የሚፈርደው የኋለኛው ክፍል ራሱን የቻለ ላይብረሪ ሆኖ ሌላ ፎልደር ገባ፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ /ዩኤስአር/ሊብ/ሱዱ፣ በሬድ ሃት ቤተሰብ ደግሞ /ዩኤስአር/ሊብኤክሴክ/ሱዱ ውስጥ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ የፈለገ ድርጅት የራሱን ፈራጅ ጽፎ እንዲተካበት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጁላይ 2011፣ በኮዱ ላይ አንድ ለውጥ ተደረገ። በሁለቱ ፋይሎች መካከል ክፍተት የተፈጠረው ያኔ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ ለዘጠኝ ዓመት ተኩል ያህል ክፍተቱን የተናገረ ሰው አልነበረም።

ያገኘው ኳሊስ የተባለ የአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የምርምር ቡድን ነው። ቡድኑ በኋላ ባወጣው ሰነድ የሄደበትን መንገድ እርምጃ በእርምጃ አስቀምጦታል፤ እኔም የምተርከው ያንኑ ተከትዬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባክስላሽ ነው፤ ወደ ኋላ ካዘመመችው ሰረዝ። በዩኒክስ ዓለም ይህች ምልክት «ከእኔ ቀጥሎ ያለውን እንዳለ ውሰደው፣ ልዩ ትርጉም አትስጠው» ትላለች። ተጠቃሚው ትእዛዙ በሼል፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ በሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ በኩል እንዲፈጸምለት ሲጠይቅ፣ የፊተኛው ክፍል በልዩ ምልክቶች ሁሉ ፊት ባክስላሽ እየጨመረ ያስተላልፋል። የኋለኛው ክፍል ደግሞ የተጨመሩትን እየነቀለ ጽሑፉን ለክቶ ወዳዘጋጀው የሜሞሪ ቦታ ይገለብጠዋል።

ታዲያ ጽሑፉ በብቸኛ ባክስላሽ ቢያልቅስ? ነቃዩ ክፍል ባክስላሿን ዘሎ ቀጣዩን ፊደል ይወስዳል። ቀጣዩ ግን ፊደል ሳይሆን የጽሑፉን ማለቅ የሚናገረው ዜሮ ነው። እሱንም እንደ ፊደል ገልብጦ ያልፈዋል። የማቆሚያ ምልክቱን አልፎታልና አይቆምም፤ ከጽሑፉ ወዲያ ያለውን ሜሞሪ እያነበበ ከተለካለት ቦታ ወዲያ መጻፉን ይቀጥላል። እዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ እንዲሁ የተገኘ ነገር አይደለም። ሊኑክስ ከትእዛዙ ቃላት ቀጥሎ የሚያስቀምጠው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል የሚባሉትን፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚሞላቸውን ጽሑፎች ነው። ስለዚህ ምን እንደሚፈስም፣ ምን ያህል እንደሚፈስም የሚወስነው አጥቂው ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከዚህ የተመቸ ስሕተት በቀላሉ አይገኝም።

እንደ አሠራሩ ቢሆን ይህ ሊደርስ አይችልም ነበር። የፊተኛው ክፍል ለባክስላሽም ባክስላሽ ስለሚጨምርላት ብቻዋን ሆና ወደ ኋለኛው አትደርስም። ተመራማሪዎቹ ግን በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ያሉትን ቅድመ ሁኔታዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ፤ አንድ ዓይነት አልነበሩም። የፊተኛው ባክስላሽ የሚጨምረው ትእዛዝ ሊፈጸም ሲል ብቻ ነው። የኋለኛው ግን ፋይል ሊታረም ሲልም ይነቅላል። ሱዱ በሩት ሥልጣን ፋይል የማረም አገልግሎትም አለውና፣ ሼልንና እርማትን በአንድ ጊዜ መጠየቅ ከተቻለ ማንም ያልጨመረው ባክስላሽ ይነቀላል። «-ኢ» በሚለው የማረሚያ አማራጭ በኩል መንገዱ ዝግ ነው፤ ሱዱ ሁለቱን አብሮ አይቀበልም።

/ዩኤስአር/ቢን ውስጥ ግን ሱዱኤዲት የሚባል ሌላ ስም አለ። ራሱን የቻለ ፕሮግራም አይደለም፤ ወደ ሱዱ የሚያመለክት አቋራጭ ነው። ሱዱ ሲነሣ በምን ስም እንደተጠራ ያያል፤ ስሙ «ኤዲት» ብሎ ካለቀ በቀጥታ ወደ እርማት ይገባል። በዚህኛው በር የገባ ሰው የትኞቹ አማራጮች እንደሚከለከሉት ማጥበብ ተረስቶ ነበር። «ሱዱኤዲት -ኤስ» ብሎ (ሼልን የሚጠይቀው አማራጭ «-ኤስ» ነው) በባክስላሽ የሚያልቅ ቃል ማስከተል በቂ ሆነ። ይህን ለማድረግ በደንቡ ፋይል ውስጥ ስም መኖር አያስፈልግም፤ ፓስወርድም አይጠየቅም። ምንም መብት እንዳይኖረው ተብሎ የተፈጠረው «ኖባዲ» የተባለው ተጠቃሚ እንኳ ይችላል።

እስካሁን የተገኘው ሱዱን አበላሽቶ መጣል ነው። ከዚያ ሩት እስከ መሆን ገና ሩቅ ነው። ተመራማሪዎቹ ሱዱን እያስነሣ ደግሞ ደጋግሞ የሚጥል ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። የሚፈሰውን መጠን፣ የቋንቋ ቅንብሮቹን ርዝመትና የመሳሰለውን በዕጣ እየለዋወጠ ሱዱ በየት በየት በኩል እንደሚወድቅ ይመዘግባል። ከተገኙት አወዳደቆች ሦስቱን መርጠው ሦስት የተለያዩ መንገዶች ሠሩ።

በመጀመሪያው፣ ሱዱ የአንድን ቅንብር ዋጋ የሚጠይቅበትን የተግባር አድራሻ ፕሮግራም ወደሚያስነሣ ተግባር አዞሩት። የቅንብሩ ስም የፕሮግራም ስም ሆኖ ተነበበ። ሱዱም ያ ስም ያለውን ፋይል አጥቂው ከቆመበት ፎልደር አንሥቶ በሩት ሥልጣን አስነሣው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሁለተኛው ነው። ሊኑክስ የተጠቃሚዎችን ስም ከየት እንደሚጠይቅ የሚያነበው /ኢቲሲ ውስጥ ካለው «ኤንኤስስዊች.ኮንፍ» ከተባለ ፋይል ነው። ምንጩ በማሽኑ ላይ ያለ ፋይል ሊሆን ይችላል፤ የድርጅቱ ማዕከላዊ ሰርቨርም ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ምንጭ ስሙ «ሊብኤንኤስኤስ» ብሎ የሚጀምር ላይብረሪ ይጫናል። በላይብረሪው ስም ውስጥ ስላሽ ከሌለ፣ ፍለጋው ሩት ብቻ በሚጽፍባቸው የሥርዓቱ ፎልደሮች ውስጥ ይሆናል። ስላሽ ካለ ግን ስሙ እንደ መንገድ ይነበባል፤ መነሻውም ተጠቃሚው ያለበት ፎልደር ነው። ተመራማሪዎቹ የፈሰሰው ጽሑፍ የምንጩን ስም እንዲሸፍነው አደረጉና መሃሉ ላይ ስላሽ አስገቡበት። ሱዱ በሙሉ ሥልጣኑ ሄዶ የአጥቂውን ላይብረሪ ከአጥቂው ፎልደር ጫነ።

በሦስተኛው፣ ሱዱ «ይህ ሰው ቅድም ፓስወርድ አስገብቷል» የሚል የጊዜ ማስታወሻ የሚይዝበትን ፎልደር ስም አጥቂው ወደሚቆጣጠረው ፎልደር ለወጡት። መጨረሻው የተጠቃሚዎች ዝርዝር ባለበት ፋይል ላይ አዲስ መስመር ማስጻፍ ሆነ።

ሰነዱ ሦስቱን እንዲህ አያስተሳስራቸውም፤ የሚከተለው የእኔ ንባብ ነው። ሦስቱም የሚያልቁት አንድ ቦታ ነው። ዘበኛው አልተደበደበም፣ ጉቦም አልበላም፤ «የቁልፉ ሳጥን በዚያ በኩል ነው» ተብሎ ወደ ሌባው ቤት ተላከ እንጂ። የሱዱ ሠሪዎች ይህን አደጋ አያውቁትም ነበር ማለት አይደለም። በደንቡ ፋይል ውስጥ የሚፈቀድ ትእዛዝ ከነሙሉ መንገዱ ይጻፋል፤ ፕሮግራም የሚፈለግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝርም ከተጠቃሚው ተቀብሎ በራሱ የሚተካበት ቅንብር አለው። የሊኑክስ የፎልደር አደረጃጀት ደንብም ጉዳዩን የሚያየው በዚሁ ዓይን ይመስለኛል። ከ1994 ጀምሮ ሲሻሻል ቆይቶ ሦስተኛው ስሪት በ2015 የወጣው ይህ ደንብ፣ ከውጭ የሚገዛ ሶፍትዌር /ኦፕት ሥር በራሱ ፎልደር እንዲገባ፣ ቅንብሩ በ/ኢቲሲ/ኦፕት፣ የሚለዋወጠው መረጃ በ/ቫር/ኦፕት እንዲቀመጥ ያዝዛል። ብዙ ባለሙያ ይህን እንደ ቢሮክራሲ ያየዋል። የማይለወጠውን ከሚለወጠው ለይቶ ማስቀመጥ ግን ማን የት ሊጽፍ እንደሚችል መቆጣጠሪያ ነው።

ኳሊስ ግኝቱን ለቶድ ሚለር የነገረው ጃንዋሪ 13 ቀን 2021 ነው። ሚለር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሱዱን የሚንከባከበው ፕሮግራመር ነው። የሊኑክስ አከፋፋዮች በዚያው ወር በ19 በምስጢር እንዲያውቁ ተደረገ፤ በ26 ማስተካከያውና ሰነዱ አብረው ይፋ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ በሄይቲ የቩዱ እምነት የሚታወቅን የሙታን መንፈስ ስም ከሱዱኤዲት ጋር አጣምረው «ባሮን ሳሜዲት» አሉት፤ የደኅንነት ሰዎች ለግኝቶቻቸው ስም ሲያወጡ ጨዋታ ይወዳሉ። በኡቡንቱ 20.04፣ በዴቢያን 10 እና በፌዶራ 33 ላይ ሩት መሆን መቻላቸውንም አሳዩ።

የአፕል ኮምፒውተር ያላቸው ለጥቂት ቀናት እፎይ ብለው ነበር፤ ማክ ላይ ሱዱ እንጂ ሱዱኤዲት የሚባል አቋራጭ አልነበረምና። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ማቲው ሂኪ የተባለ እንግሊዛዊ የደኅንነት ባለሙያ እፎይታውን አፈረሰው። አቋራጩ ከሌለ ራስህ ሥራው! ማንም ተጠቃሚ በራሱ ፎልደር ውስጥ ወደ ሱዱ የሚያመለክት፣ ሱዱኤዲት የሚባል አቋራጭ መፍጠር ይችላል። ሱዱ የሚያየው የተጠራበትን ስም ነው፤ ስሙ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደተቀመጠ አይጠይቅም። አፕል በዚያው ወር በ9 ማስተካከያ አወጣ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በጁን 2023 በወጣው 1.9.14 ስሪት ግን በሌላ ቦታ ሌላ ለውጥ ገባ። ሱዱ «-አር» የሚል አማራጭ አለው፤ ትእዛዙ አንድን ፎልደር እንደ መላው ማሽን ቆጥሮ እንዲሠራ ያደርጋል። በአዲሱ ስሪት ሱዱ ደንቡን መርምሮ ሳይጨርስ ገና በፍተሻው መሃል ወደዚያ ፎልደር ይገባ ጀመር። በ2025 የስትራታስኬል ተመራማሪ ሪች ሚርች ይህ ምን እንደሚያስከትል አየ። ተጠቃሚው በራሱ ፎልደር ውስጥ ኢቲሲ የሚባል ፎልደር ሠርቶ የራሱን «ኤንኤስስዊች.ኮንፍ» ካስቀመጠ፣ ሱዱ የሚያነበው ያንን ነው። በውስጡ ስላሽ ያለበት የምንጭ ስም ይጽፋል፤ ሱዱም ላይብረሪውን ከዚያው ይጭናል። ያው ፋይል፣ ያው ስላሽ። በ2021 እዚያ ለመድረስ ሜሞሪ ማፍሰስ ግድ ነበር፤ በዚህኛው ጥቂት ፋይሎችን በቦታቸው ማስቀመጥ በቂ ነው። አሁንም በደንቡ ውስጥ ስም መኖር አላስፈለገም።

ማስተካከያው በጁን 2025 መጨረሻ በ1.9.17ፒ1 ወጣ፤ «-አር» የሚለው አማራጭም ወደፊት እንደሚቀር ተነገረ። በሴፕቴምበር የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ይህን ቀዳዳ አጥቂዎች በተግባር ከተጠቀሙባቸው ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ሰርቨር የምታስተዳድሩ አንባቢዎች፣ የሱዱን ስሪት እዩ፤ ከ1.9.14 እስከ 1.9.17 ያለ ቁጥር ካያችሁ ግን በቁጥሩ ብቻ አትፍረዱ። ኡቡንቱና መሰሎቹ አሮጌውን ቁጥር ሳይለውጡ ማስተካከያውን ብቻ ያስገባሉና፣ አከፋፋዩ ስለ ቀዳዳው ያወጣውን ማስታወቂያ አንብቡ። እግረ መንገዳችሁን /ኦፕት ሥር ያሉትን የተገዙ ሶፍትዌሮች ፎልደሮች አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ከሩት ሌላ የሚጽፍባቸው ሰው ካለ ዛሬውኑ ዝጉት።