ዋንጫ ያነሳው መካኒክ

የፎገራ ሜዳ ክረምት ላይ ኳስ አያጫውትም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ሁሉ ውኃ ነው። ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሲደርቅ ግን የወረታ ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው ይሯሯጡበታል። ማታ ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ያው ነው፤ «ኳስ እንጀራ ይሆናል እንዴ? ሙያ ተማር!»

ለዚህ ክርክር የሚሆን ሰው በብሔራዊ ቡድናችን ታሪክ ውስጥ አለ። ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል።

ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም አስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር ተወለደ። አባቱ አላሳደገውም። ገና በወጣትነቱ ምድር ባቡር ገብቶ መካኒክነት ተማረ፤ ቀን መፍቻ፣ ከሥራ በኋላ ኳስ። እግሩ ድሬዳዋ አደረሰውና ከጥጥ ማኅበር ጋር የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም መጣ። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ተጋጣሚ ግብጽ። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ። ግርማ ተክሌ አንዱን መለሰ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ሁለተኛውን መረብ ላይ አሳረፈ፤ 2 ለ 2! በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩበት። 4 ለ 2። የይድነቃቸው ተሰማ ልጆች የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆኑ፤ መካኒኩም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አላነሳችም።

ሉቻኖ ጫማ ከሰቀለ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም ይዟል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በደርግ ዘመን፣ አገር ጥሎ በጅቡቲ በኩል ጣሊያን ገባ። ሰው አገር ላይ «እኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነኝ» ማለት ቤት ኪራይ አይከፍልም። እሱም ሮም አጠገብ ኦስቲያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተመልሶ የመኪና ሞተር ፈታ። ኳሱን ግን አልተወም፤ እዚያው የሕፃናት የእግር ኳስ ትምህርት ቤት ከፈተ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም በ87 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ የወረታው አባት «ሙያ ተማር» ሲል አልተሳሳተም። ልጁም ኳሱን አልጥልም ቢል አልተሳሳተም። ሉቻኖን ኳስ ሻምፒዮን አደረገው፣ ስደት ላይ ያበላው ደግሞ መፍቻው ነው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል አላስፈለገውም።